አንድ የምግብ ቧንቧ፣ ሁለት ካንሰር

ካንሰርን በአካል ክፍል መጥራት ለምደናል፦ የጡት፣ የጉበት፣ የሳንባ። በሽታውን ለመረዳት ግን ከየትኛው ሕዋስ ተነሣ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ከጡት ተነሥቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር፣ ጉበት ውስጥ ቢያድግም የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደ ጡት ካንሰር ነው።

የአካል ክፍሎችን ውስጥና ውጭ ከሚሸፍኑ ሕዋሳት የሚነሣው ካርሲኖማ ይባላል፤ አብዛኛው የአዋቂዎች ካንሰር ከዚህ ወገን ነው። ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከስብ የሚነሣው ሳርኮማ፣ ደም ከሚያመርቱ ሕዋሳት የሚነሣው ደግሞ ሉኪሚያ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው የምግብ ቧንቧ ላይ ነው። የቧንቧው ውስጠኛ ገጽ በጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ከእነሱ የሚነሣው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሲሆን፣ ሲጋራና አልኮል ዋነኛ ቀስቃሾቹ ናቸው። በታችኛው ጫፍ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ከጨጓራ ሽቅብ የሚመለስ አሲድ ለዓመታት ሲያቃጥለው፣ ጠፍጣፋዎቹ ሕዋሳት ቦታቸውን አንጀት ውስጥ ያሉትን ለሚመስሉ ሕዋሳት ይለቃሉ። ከእነዚህ አዴኖካርሲኖማ ሊወለድ ይችላል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረትም አደጋውን ይጨምራል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው ሁለት ነው፤ አንዱን ለመከላከል የሚሰጥ ምክር ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

በአሜሪካ ይበልጥ የሚታየው ሁለተኛው ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር ግን የመጀመሪያው ያይላል። እኛ ዘንድ አርሲና ባሌ በዚህ በሽታ ስማቸው ይነሣል፤ በተመራማሪዎች ከተጠረጠሩትም መካከል ጫትና ትኩስ ገንፎ ይገኙበታል።

ስለ ትኩስ ነገር ከተነሣ፣ መቀመጫውን ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያደረገው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ መጠጥን እ.ኤ.አ. በ2016 «ካንሰር ሊያመጣ የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ» በሚለው ምድብ 2ሀ አስቀምጦታል። ይህን ምድብ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ያነበዋል። ምድቡ የሚነግረን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ከሲጋራ ጋር ምድብ 1 ውስጥ ሲገባ፣ «ሁለቱ እኩል ይገድላሉ» ማለት አልነበረም። ቡና ደግሞ በዚያው በ2016 ጉባኤ፣ ቀድሞ ከፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ ከተቀመጠበት ምድብ 2ለ ወጥቶ፣ ለመፈረጅ ማስረጃው በማይበቃበት ምድብ 3 ተመደበ፤ ጥርጣሬው የቀረው ከግለቱ ላይ ነው።