ቦዲ፦ እንዳትፈርስም እንዳትታደስም የተደረገች ከተማ

ሎስ አንጀለስ የምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የምንወስድበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የባሕሩ ዳርቻ፣ ሆሊውድ፣ ቢበዛ ላስ ቬጋስ። እናቴ ሦስቱንም አይታ "ሌላስ?" ስትል ጊዜ ነው፣ እሷንና የእህቴን ልጅ ጭኜ ወደ ሰሜን ስድስት ሰዓት ያህል ነድቼ ቦዲ የገባነው።

ቦዲ የካሊፎርኒያ ግዛት መንግሥት ከሚያስተዳድራቸው ታሪካዊ ፓርኮች አንዷ ናት። ፓርክ ሲባል ጥላና ሣር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ያለው ቁጥቋጦ የለበሰ ገላጣ ኮረብታ ነው፤ እዚያ መሐል መቶ የሚያህሉ የእንጨት ቤቶች ፀሐይና ውርጭ አጥቁሯቸው ቆመዋል። ከፍታው 2,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባም ትንሽ ይበልጣል። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አጣፍታ "አሁን ገና አገሬ የገባሁ መሰለኝ" አለች። የባሕር ጠረፍ ኑሮ ያሰነፈኝ እኔ ግን ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ማለክለክ ጀመርኩ።

በ1859 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኒውዮርክ ግዛት የመጣ ቦዲ የሚባል ሰው እዚህ ወርቅ አገኘ። ያገኘውን ሳይበላበት፣ በዚያው ዓመት የብርድ ወራት ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ የበረዶ ውሽንፍር ገደለው። ከተማዋ ስሙን ወረሰች፤ ፊደሉን ግን አዛብታ ነው። በእንግሊዝኛ የሰውየውና የከተማዋ ስም አጻጻፍ ይለያያል፣ በኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ይሆናል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ጥቂት ሰዎች ሲጭሩ ቆይተው፣ በ1875 አንድ የማዕድን ጉድጓድ ተደረመሰና ወርቅ ያዘለውን ድንጋይ ገለጠው። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! በ1880 ገደማ የነዋሪው ቁጥር ስምንት ሺህ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ አሥር ሺህ ደርሶ ነበር። ቤቱ ወደ 2,000፣ መጠጥ ቤቱ በአሥሮች የሚቆጠር። ወርቁ ሲመናመን ሰዉም በመጣበት ፍጥነት ሄደ። በ1892 እና በ1932 የተነሡት ሁለት ቃጠሎዎች የተረፈውን አብዛኛውን በሉት፤ የኋለኛውን የለኮሰው በክብሪት ሲጫወት የነበረ ሕፃን ነው ይባላል። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ መንግሥት የወርቅ ማዕድኖችን አዘጋ፤ ፖስታ ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ግዛቱ በ1962 ፓርክ አድርጎ ሲረከባት ከቀድሞዋ ከተማ የቀረው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነበር።

ቦዲን ከሌሎች የሚለያት የዚያን ጊዜ የተወሰነው ውሳኔ ነው። ቤቶቹን አላደሷቸውም፣ ቀለም አልቀቧቸውም፣ እንደ ፊልም መንደር አላሽሞነሞኗቸውም። እንዲፈርሱም አልተዋቸውም። እርጅናቸውን በ1962 ከደረሰበት ደረጃ ላይ አቁመውታል። ጣሪያው ካፈሰሰ ይደፈናል፤ ግድግዳው ከዘመመ፣ እንደዘመመ ከጎኑ ወፍራም እንጨት ይደገፍለታል። ማቃናት የለም። ለኔ ይህ ከማደስ የሚከብድ ሥራ ነው። እኛ አሮጌ ነገር ስናይ እጃችንን የሚበላን ወይ ለማፍረስ ወይ በቀለም ለማጥመቅ ነው።

ስለዚህ ጎብኚው የሚሠራው ዋና ሥራ በመስኮት ማየት ነው። ከጥቂቶቹ በቀር ቤቶቹ አይከፈቱም። ግንባርህን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለህ፣ የፀሐዩን ነጸብራቅ በሁለት እጅህ ትከልላለህ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ትጠብቃለህ። ከዚያ ወንበሩ፣ የተቀደደው የግድግዳ ወረቀት፣ ምድጃው ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስኮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ዕቃው እንዳለ ነው። እናቴ አንዱ ማእድ ቤት ላይ ተለጥፋ ብዙ ቆየች። ምድጃው ላይ አቧራ የጠጣ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ነበር። "ይቺ ሴትዮ ጥዳ ነው የወጣችው" አለች፣ ጎረቤቷን እንደምታማ ሁሉ።

ከኮረብታው ሥር ያለው ትልቅ የቆርቆሮ ሕንፃ ስታንዳርድ የሚባለው የማዕድን ኩባንያ የድንጋይ ወፍጮ ነው። ሞቅ በሚልባቸው ወራት ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ይገባበታል፤ ዕድሉ ከተገኘ እንዳያመልጣችሁ። አሠራሩን ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ሃያ የብረት ዘነዘናዎች በተራ እየተነሡ እየወደቁ ድንጋዩን ዱቄት ያደርጉታል። ዱቄቱ ከውኃ ጋር ሆኖ ባዘቃ (ሜርኩሪ) በተቀባ የመዳብ ገበታ ላይ ይፈስሳል። ባዘቃ ወርቅን አይለቅም፤ ይዞ ያስቀረዋል። ኋላ ሲሞቅ ባዘቃው ይተንና ወርቁ ይቀራል። የማገዶ ዋጋ ሲያስመርራቸው ደግሞ 21 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ጅረት ላይ ኤሌክትሪክ አመንጭተው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወፍጮውን በሽቦ በመጣ ኃይል አዞሩት፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ነበር። መስመሩን ቀጥ አድርገው የዘረጉት ኤሌክትሪኩ ኩርባ ላይ ዘሎ ይወጣል ብለው ፈርተው ነው የሚል ወሬም አለ።

ለሚሄድ ሰው፦ በፓርኩ ውስጥ ምግብም ነዳጅም አይሸጥም፤ ስንቅና ውኃ ይዛችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ ግቡ። የመጨረሻው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ነው፣ መኪና ያንቀጠቅጣል። በብርድ ወራት በረዶው መንገዱን ስለሚዘጋው በስኪና በመሳሰለው ካልሆነ አይደረስም። በበጋም ቢሆን ጃኬት አይቅር። ሲጋራ ከመኪና ማቆሚያው ውጪ ክልክል ነው፤ ሁለት ጊዜ የተቃጠለች የእንጨት ከተማ ብትፈራ አይፈረድባትም።

ሌላው ክልክል ምንም ነገር ማንሣት ነው፤ ጠርሙስ ስባሪም ቢሆን። በ1882 በተሠራው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመድረኩ በስተጀርባ አሥርቱ ትእዛዛት የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። "አትስረቅ" የሚለውም እዚያው ላይ ነበር። ጨርቁ ተሰረቀ።

የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ የነበረው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ደብዳቤዎች ታያላችሁ። ከቦዲ ዕቃ የወሰደ ሰው እርግማን ይከተለዋል ይባላል፤ ሌባ እንዲፈራ የፓርኩ ጠባቂዎች ራሳቸው የፈጠሩት ነው የሚሉም አሉ። የተፈጠረው እርግማን ግን ሠርቷል። ሰዎች ከያሉበት የወሰዱትን በፖስታ ይመልሳሉ፤ ሥራዬን አጣሁ፣ መኪናዬ ተጋጨ፣ ይቅር በሉኝ ይላሉ። ችግሩ፣ ዕቃው ይመለስ እንጂ ቦታው አይመለስም፤ የት ወድቆ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤዎቹን ለእህቴ ልጅ እያነበብኩለት ሳለ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ሰውዬ ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ኪሱ ከተተና ዝገት የበላው ሚስማር አወጣ።

"ካነሣህበት መልሰው" አልኩት።

ፓርኩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ልጁ በሁለት የሚመሳሰሉ ቤቶች መካከል ይመላለሳል፤ ጎንበስ ይላል፣ "እዚህ ጋ ነው" ይላል፣ ቀና ብሎ "አይ፣ እዚያኛው ጋ" ይላል። አያቱ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ ተጣራች፦ "አንተ ልጅ፣ አስቀምጠውና ና! በረደኝ እኮ!"