ቀዩም አረንጓዴውም ያው ጉሎ ነው

በቀደም ቀራንዮ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው አኝኮ የተፋውን ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ቤቴ ድረስ መጡ። ልጁ ያስመልሰዋል። "ቀዩ ነው እኮ፤ ቀዩ ምንም አያደርግም ይላሉ" አሉኝ። ጊዜ ሳያጠፉ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገርኳቸው፤ ልጁም ተርፏል። ያ "ቀዩ ነው እኮ" የሚለው ቃል ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ከጎረቤትም፣ ከተማሪም፣ የባህል መድኃኒት ከሚቀምመውም ስሰማው ኖሬያለሁና።

ጉሎ በወገኑ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ሌላ ዝርያ የለውም። ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሪሲነስ ኮሙኒስ ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ ግንዱ የቀላውን፣ ፍሬው የተለቀውን፣ ዛፍ ያከለውን እየለዩ የየራሱ ዝርያ ያደረጉ አጥኚዎች ነበሩ። አልዘለቀም። የጉሎ ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ ቀዩና አረንጓዴው ያለችግር ይዳቀላሉ፤ ከአንድ እናት ተክል የለቀሙት ዘር ቀይም አረንጓዴም ሊያበቅል ይችላል። ታዲያ በምኑ ነው የሚለያዩት?

የሚጠራጠር ኮልፌ ውስጥ ወዳለ አንድ የወንዝ ዳር ወርዶ ዘለላውን ቀረብ ብሎ ይመልከት። ቢጫዎቹ ወንዴ አበቦች ከታች ናቸው፤ ሴቴዎቹ ከላይ፣ ጫፋቸው እንደ ቀይ ላባ ተሰነጣጥቆ። ፍሬው ለስላሳ እሾህ ለብሶ ሦስት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ አንድ ዝንጉርጉር ዘር፣ አናቱ ላይ ነጣ ያለች እብጠት። ግንዱ ቀላም አልቀላም ይኸው ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ ወተት ያወጣሉ፣ ጉሎ አያወጣም፤ በዚህ የተነሳ ዝምድናቸውን የሚክዱ አሉ። ባለ ሦስት ክፍሉ ፍሬ ግን ከእነሱም ከብሳናም ጋር ያዛምደዋል።

ይህን ያህል መልኩ የበዛው አገሩ ስለሆነ ነው። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ የሰብሎችን መነሻ ሲያጠና ጉሎን ከኢትዮጵያ ማዕከል ሰብሎች ጋር ቆጥሮታል፤ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ የዘረመል ጥናቶችም የዱሩን ጉሎ ያገኙት ኢትዮጵያና ኬንያ ነው። የዓለምን የጉሎ ዘይት በብዛት የምታቀርበው ህንድ በመሆኗ "ከህንድ የመጣ ነው" የሚለኝ ሰው አላጣም። ነገሩ ግልባጩ ነው፤ ከዚህ አካባቢ ተነስቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

መርዙስ? ሪሲን በ1888 እ.ኤ.አ. ከዘሩ ተለይቶ ታውቋል፤ በቀዩም በአረንጓዴውም ዘር ውስጥ አለ። በውሃ የሚሟሟ ፕሮቲን ስለሆነ ዘይቱ ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ላም የምታረቡ ወገኖች፣ የጉሎ ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ ዝም ብሎ አይቀርብም። "እናቶቻችን ምጣድ ሲያስሱበት ኖሩ፣ ማን ተጎዳ?" የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ሙቀት ሪሲንን ያከሽፈዋል። ልጅ የሚያኝከው ግን ጥሬውን ነው፤ ሳይታኘክ የተዋጠ ዘር እንዳለ ሊወጣ ይችላል፣ የታኘከው ነው መርዙን የሚለቀው።

ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው ሰውነቱን መደገፍ ነው። ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ልጁ ደህና መሰለ ብላችሁ አትዘናጉ። ልጅ ጉሎ ካኘከ ቀለሙን ማጣራቱን ትታችሁ፣ የተረፈውን ፍሬ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡ።