አዲሱ የካምፕ ክፍል ዓይን የሚያቃጥለው ለምንድን ነው?

ይህ ጽሑፍ እንደ ኡራን ባሉ የሞያሌ ጠረፍ ቦታዎች ለምትመደቡ የሰራዊት አባላትና ለካምፕ አስተዳዳሪዎች ነው።

በአዲስ ተገጣጣሚ ክፍል ውስጥ ዓይን የሚቆጠቁጠው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ነው። ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ከተሠሩበት ሙጫ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይተናል። ሙቀት ሲጨምር ትነቱም ይጨምራል። በቆላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተዘግቶ የዋለ ክፍል ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት መድቦታል። ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተፈናቃዮች ያደላቸው ተጎታች ቤቶች ተመርምረው በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ በአየሩ ውስጥ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ፎርማልዴሃይድ ተገኝቷል፤ ይህ በተለመደ ቤት ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መጠለያ የተባለው ነገር ሰውን ማሳመም አልነበረበትም!

ስለዚህ ግዢ ላይ ያላችሁ፣ የፎርማልዴሃይድ ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነ ጣውላ በጽሑፍ ጠይቁ። ሰው ከመግባቱ በፊት በርና መስኮት ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ፤ የጣውላውን የተቆረጡ ጠርዞች ቀለም ቀቡ። አፍንጫ ሽታውን ስለሚለምድ ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ። ሽታውን በዕጣን ለመሸፈንም አትሞክሩ፤ የዕጣን ጭስ ራሱ ፎርማልዴሃይድ ይጨምራል።