አንድ ማንኪያ ሽፈራው ስንት አይረን አለው?

ባለፈው ወር ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሲቀላ ወደሚገኘው ቤቷ ጎራ ብዬ ነበር። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቡናው እስኪፈላ ስኳር ላወርድላት ወደ መደርደሪያው እጄን ስሰድ ከስኳሩ ጀርባ አንድ ነገር አገኘሁ። በእርግዝና ክትትል ላይ የተሰጣት የአይረን ኪኒን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬዎች በስተቀር አልተነካም።

«ይሄን አትወስጂም እንዴ?» አልኳት።

«ያጥወለውለኛል። ደግሞ እኔ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ሽፈራው በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ከኪኒን አይሻልም?» አለችና የታሸገውን ዱቄት አሳየችኝ። ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ አይረኑ የስፒናች 25 እጥፍ፣ ካልሲየሙ የወተት 17 እጥፍ፣ ቫይታሚን ሲው የብርቱካን 7 እጥፍ።

ይህን ጽሑፍ እናንተም ሳታዩት አልቀራችሁም። በፌስቡክ ይዞራል፣ በሱፐርማርኬት እሽጎች ላይ አለ፣ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎም አይቻለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምማረው ምሕንድስና ነው፣ ያውም የውሃ። ግን የእሽጉ ጥያቄ የሕክምና ከመሆኑ በፊት የሒሳብ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እስክሪብቶ አንሡና አብረን እንሥራው።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዛፍ እንደምናወራ እንለይ። እኛ አርባ ምንጭና አካባቢዋ ሀለኮ የምንለው፣ በአማርኛ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። በጋሞ ቆላ፣ በደራሼ፣ በኮንሶ ብትሄዱ በየጓሮው ታገኙታላችሁ። የእሽጉ ቁጥሮች የተቀዱት ግን ከዘመዱ ከሞሪንጋ ኦሊፌራ ነው፤ እሱ የሕንድ ዛፍ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱም የማዕድን መጠናቸው ይለያያል። ለዛሬ ግን ለሻጩ አድልቼ የእሱኑ ቁጥር ልጠቀም።

(እኔ ራሴ ወደዚህ ዛፍ የመጣሁት በፍሬው በኩል ነው። የሽፈራው ፍሬ ተፈጭቶ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ውሃው ይጠራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አወንታዊ ቻርጅ አለው፤ ውሃውን የሚያደፈርሰው ጭቃ ደግሞ አሉታዊ። ይሳሳባሉ፣ ይጓጉላሉ፣ ይዘቅጣሉ። የዛፉ ጠላት አይደለሁም ለማለት ነው።)

አሁን ወደ 25ቱ እጥፍ።

በየቦታው የሚገለበጠው የኦሊፌራ ሠንጠረዥ 100 ግራም የደረቀ ዱቄት 28 ሚሊግራም ያህል አይረን አለው ይላል። ስፒናችስ? ስፒናች የቆስጣ ዘመድ ነው፤ ብዙዎቹ የምግብ ሠንጠረዦች በ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ 2.7 ሚሊግራም አካባቢ ይሰጡታል። 28ን ለ2.7 ስናካፍል 10 እንጂ 25 አይወጣም። 25 የሚመጣው ስፒናችን ዝቅ አድርጎ 1.1 የሚሰጠውን ሠንጠረዥ ከመረጣችሁ ብቻ ነው። ይሁን፣ እሱን እንለፈው። ዋናው ጉድ ሌላ ቦታ ነው።

ዱቄቱ ደርቋል፤ ስፒናቹ ግን እርጥብ ነው።

ጥሬ ስፒናች ከመቶው 91 እጁ ውሃ ነው። ከ100 ግራም ስፒናች ውሃውን ብታወጡ የሚቀራችሁ ጠጣር ነገር 9 ግራም ብቻ ነው። አይረኑ ግን ከውሃው ጋር አይተንም፤ 2.7 ሚሊግራሙ እዚያው 9 ግራም ውስጥ ይቀራል። እንደ ሽፈራው ዱቄት 8 በመቶ እርጥበት ተውለትና 100 ግራም የደረቀ ስፒናች ውስጥ ስንት እንደሚኖር አስሉት። 27.6 ሚሊግራም ይመጣል። 28 ከ27.6 ጋር! «25 እጥፍ» የተባለው ደረቅ በደረቅ ሲመዘን እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። እርጥብ በእርጥብ ካወዳደርነው ሀለኮ በ2 እጥፍ ተኩል ገደማ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቅጠሉ ከስፒናች ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው። ጥሩ ቅጠል ነው እኮ። ግን 25 እጥፍ አይደለም።

የወተቱም ነገር ያው ነው። ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ነው። የዱቄት ሽፈራውን 2,000 ሚሊግራም ካልሲየም ከፈሳሽ ወተት 120 ሚሊግራም ጋር ካስተያያችሁ፣ አዎ፣ 17 እጥፍ ይሆናል። ከዱቄት ወተት ጋር ካስተያያችሁት ግን ወደ 2 እጥፍ ይወርዳል። የብርቱካኑ ደግሞ ያስቃል። እሱ የተወሰደው ከጥሬው ቅጠል ነው፤ በዚያው ሠንጠረዥ ጥሬ ቅጠሉ 220 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ሲኖረው ዱቄቱ ግን 17 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በማድረቅ ይጠፋል። 17 ሚሊግራም ከአንድ ብርቱካን ያንሳል። እሽጉ ውስጥ ያለው ዱቄት፣ እሽጉ ላይ የተጻፈው የጥሬ ቅጠል ቁጥር! አይረኑ ላይ ሲደርስ ደረቁን መረጠ፣ ቫይታሚን ሲ ላይ ሲደርስ እርጥቡን። ፈተና ላይ ይህን የሠራ ተማሪ ዜሮ ነው የሚያገኘው።

ግን እህቴን የሚመለከታት ይህም ሳይሆን ማንኪያው ነው። «እጥፍ» የሚለው ቃል የሚያወራው ስለ 100 ግራም ነው። 100 ግራም ዱቄት በጥብጦ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ቢመዝን ነው። 3 ግራም ውስጥ ያለው አይረን 0.84 ሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ሴቶች በየቀኑ እንዲሰጥ የሚመክረው ተጨማሪ አይረን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ነው። የእህቴ ኪኒን 60 ይላል። 60ን ለ0.84 አካፍሉት፦ 71 ማንኪያ። ሁለት መቶ ምናምን ግራም ዱቄት፣ በየቀኑ!

ይህን ስነግራት ቡና የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ መሐንዲስ «የገባው ሁሉ አይሠራም» የሚለው ነገር ነው። አፍ ውስጥ የገባ አይረን ሁሉ ደም ውስጥ አይደርስም። በእህል፣ በጥራጥሬና በቅጠል ላይ ከተመሠረተ ምግብ ሰውነታችን በአማካይ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 ያህሉን ቢወስድ ነው። (ከኪኒኑም ሙሉው አይወሰድም፤ መነሻው ግን 60 ነው።) ከእህልና ከጥራጥሬ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር አይረኑን አቅፎ ይይዘዋል። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎችም እንዲሁ፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የሚወሰደውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። የቅመም ነገር የማይጠፋበት የእኛው የቡና ቅጠል፣ ሀይታ ቱኬም፣ ከዚሁ ወገን የሆኑ ፖሊፌኖሎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ የሚገርም ነገር አሳይቷል፦ ቡና ከምግብ በፊት በአንድ ሰዓት ከተጠጣ ምንም አላደረገም፤ ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል አይረኑን ከለከለ። ሆዳችን ባዶ ለመሆን ጊዜ ይፈልጋላ።

የእህቴ ምሳ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነና ቡናዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈላ መገመት አያቅታችሁም።

በሌላ በኩል ቫይታሚን ሲ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ከምግቡ ጋር በአንድ ጊዜ ከገባ አይረኑን ከፋይቴቱ እጅ ያስለቅቀዋል። እርሾ ደግሞ ቀድሞ ይሠራል። እንጀራ ሲቦካ ፋይቴቱ በከፊል ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ጥያቄው ከማንኪያ ወደ ሳህን ይዞራል። እናቴ ሀለኮን በማንኪያ ለክታ አታውቅም። ቅጠሉን ከዘንጉ ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት አቡክታ በትንንሹ ታድቦለቡልና ከቅጠሉ ጋር ድስት ውስጥ ትቀቅለዋለች። ኩርኩፋ ማለት ይህ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሳህን ቢያንስ 100 ግራም ጥሬ ቅጠል ይበላል እንበል። ቅጠሉ 78 በመቶ ውሃ ከሆነ የሚቀረው ጠጣር 22 ግራም ነው፤ በዱቄት ሲቆጠር 24 ግራም ገደማ። ማለትም 8 የሻይ ማንኪያ። አንድ ሳህን ኩርኩፋ የእህቴን እሽግ የስምንት ጠዋት ሥራ በአንድ ምሳ ይሠራል፤ ያውም ዛፉ ግቢዋ ውስጥ ቆሞ!

ኩርኩፋ ሌላም ብልሃት አለው። በቆሎ ውስጥ ላይሲን የሚባል የፕሮቲን አካል ያንሳል። የሀለኮ ቅጠል ላይሲን አለው፣ ቦሎቄ ከተጨመረ ደግሞ ይበልጥ ይሞላል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ያመጣል። በእንጀራና በሽሮ መካከል ያለውም ስምምነት ይኸው ነው፤ እህሉ ላይ ያነሰውን ጥራጥሬው ይሰጣል። ወደ ደጋው፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ጨንቻ ስትወጡ ሀለኮ የለም፤ እዚያ ገበታውን የያዘው ቆጮ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቆጮ በዳጣ ብቻ በልቶ መዋል ያጠግባል እንጂ አይበቃም፤ አጠገቡ ባቄላ ወይም አተር፣ ቢገኝም ወተት መኖር አለበት።

ምግብ ቤት የምትበሉ ተማሪዎችስ? አርባ ምንጭ ውስጥ «የጾም ምን አላችሁ?» ስትሉ አስተናጋጁ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ የጫሞን አሳ ሊሆን ይችላል፤ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ልተወው። በያይነቱ ካዘዛችሁ ግን ሳህኑን እንደ መሐንዲስ እዩት። ምስርና ሽሮ፦ አይረንና ፕሮቲን። ጎመን፦ አይረንና ካልሲየም። ጥሬ ቃሪያና የቲማቲም ሰላጣው፣ ብዙዎቻችን ጥግ ላይ የምንተወው፦ ቫይታሚን ሲ። እሱን መተው ማለት ቁልፉን ጥሎ በሩን መግፋት ነው። ሎሚ ካለ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ያመጡላችኋል። ሻዩን ደግሞ ቀድማችሁ ጠጡት፣ ወይም ክፍል ደርሳችሁ ስትመለሱ።

አንድ ነገር ግን ከየትኛውም ቅጠል አታገኙም፤ ቫይታሚን ቢ12። ጾም ጠብቆ በመካከል ወተት፣ እንቁላል ወይም ሥጋ የሚቀምስ ሰው ጉበቱ ለረጅም ጊዜ የሚሆን ያጠራቅማል። ዓመቱን በሙሉ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይነካ ሰው ግን ከኪኒን ወይም ቢ12 ከተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ይህ የሽፈራው ጥፋት አይደለም፤ የሁሉም ተክል ባሕርይ ነው።

ወደ እህቴ ልመለስ። በማግስቱ አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አልተቆጣችም፣ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች መሰለኝ። ማጥወልወሉ የታወቀ ነገር መሆኑን ነገረቻትና ኪኒኑን ማታ ከመተኛቷ በፊት እንድትወስድ አደረገቻት፤ ካልተሻላት ተመልሳ እንድትመጣ፣ በራሷ እንዳታቆም። ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳትደነግጥም ነገረቻት፤ እሱን ፈርታ ኖሮ ለእኔ አልነገረችኝም።

ዱቄቱን አልጣለችውም፤ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ሽሮ ላይ ትነሰንሰዋለች። ቅዳሜ ስደውልላት ግቢው ውስጥ ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር። «ሎሚ ይዘህ ና» አለችኝ። «ቡናውን ከምሳ በፊት አፍልቼዋለሁ።»