ከእብድ ውሻ በሽታ ሌላስ?

ሰው በውሻ ተነከሰ ሲባል በአገራችን የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው አብዷል ወይ?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው።

አክስቴን የገዛ ውሻዋ እጇን ነከሳት። ቁስሉ ታጠበ፣ ክትባት ተጀመረ፣ ውሻውም ታስሮ 10 ቀን ታየ፤ አላበደም። ሁላችንም «ተመስገን» ብለን ዘጋነው። አክስቴ ግን ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ጣፊያዋ ተጎድቶ በኦፕራሲዮን የወጣላት ሴት ናት። ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ጣፊያና የውሻ ንክሻ ምን ያገናኛቸዋል? እኔም ማይክሮባዮሎጂ እስክማር ድረስ አላውቅም ነበር።

የሚያገናኛቸው ካፕኖሳይቶፋጋ ካኒሞርሰስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በሰው ላይ የሚያደርሰው ሕመም በመጀመሪያ የተገለጸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ሲሆን፣ ይህን ስም ያገኘው በ1989 ነው። «ካኒሞርሰስ» ከላቲን የተወሰደ ሆኖ የውሻ ንክሻን ያመለክታል። ባክቴሪያው የሚኖረው በጤነኛ ውሾችና ድመቶች አፍ ውስጥ ነው፤ እንስሳውን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ውሻው 10 ቀን ደኅና መሰንበቱም ሆነ መከተቡ ስለዚህ ተህዋስ የሚነግረን ነገር የለም።

አብዛኛው ሰው ቢነከስም በዚህ ባክቴሪያ አይታመምም። ጣፊያ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ባክቴሪያዎችን አጣርቶ የሚያስቀር አካል ነውና፣ ጣፊያ የሌለው ሰው ላይ ግን ይበረታል። መጠጥ የሚያበዙና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችም እንዲሁ ይጋለጣሉ። ትንሽ ጭረት ይበቃል፤ ክፍት ቁስል በውሻ መላሱ እንኳ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ቁርጥማትና መዘባረቅ ይመጣል። ሕመሙ ከጸና ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ ይሞታሉ፤ ከተረፉትም ጣታቸውን ወይም እግራቸውን የሚያጡ አሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እኛ ዘንድ ቢመጣ ማን ስለ ውሻ ይጠይቀዋል? ወባና ታይፎይድ ታዞለት ይሄዳል እንጂ!

እኛን የላቦራቶሪ ተማሪዎችን በቀጥታ የሚመለከተን ደግሞ የባክቴሪያው ዘገምተኛነት ነው። ማኮንኪ ላይ አይበቅልም። የደም አጋር ወይም ቸኮሌት አጋር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየርና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ኮሎኒው እስኪታይ እስከ 7 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ቀን «ምንም የለም» ብለን ሳህኑን ከጣልነው አመለጠን ማለት ነው። አንዳንዴ ከካልቸሩ የሚቀድመው የደም ስሚር ነው፤ ቀጫጭን፣ ጫፋቸው የሾለ ዘንጎች ኒውትሮፊል ውስጥ ተሰግስገው ይታያሉ። ይህን ሁሉ የምናደርገው ግን የምርመራ ወረቀቱ ላይ «በውሻ ተነክሷል» የሚሉ ሁለት ቃላት ከተጻፉልን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «ትኩሳት» ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ጣፊያ የሌለው ሰው ከተነከሰ፣ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ የእብድ ውሻው ክትባት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ምልክት ሳይጠበቅ ሐኪም አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ያዝለታል።

አክስቴ ሳትታመም ቀረች፤ እንዲያው ዕድል ነው። ውሻውም አሁንም በሩ ላይ አለ። በካርዷ ላይ ግን «ጣፊያ የላትም» የሚል በቀይ እስክሪብቶ አስጽፈናል።