የቃል ኪዳን ቀለበትሽን በቤትሽ አጽጂ

ውድ እህቴ፣ ከውጭ አገር የመጣልሽ ቀለበት አልማዙ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው ብለሽ አትሸማቀቂ። ከመሬት እንደሚወጣው ሁሉ እርሱም ካርቦን ነው፤ ጥንካሬውም እኩል ነው። የሚያፈዝዘው ቅባት ነው፤ የወጥ ቅቤና ሊጥ ከፈርጡ ሥር ይገባል።

ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና 20 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ከሥሩ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሽተሽ በሳህን ውስጥ አለቅልቂው። በረኪና ወርቁን ስለሚጎዳ አታስነኪው።

እንደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ባለ ብርድ ጣት ይኮማተራል፤ በሳሙና እጅ ቀለበት ሾልኮ ይወድቃል። እኔ ከልብስ እጣቢ ጋር ደፍቼው ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ ፈልጌዋለሁ። ስለዚህ ከማጠብሽ በፊት አውልቂው።

ቅያሜም እንደ ቅባቱ ከሥር ይገባል፤ ሳይደርቅ ይታጠብ እንጂ አታሳድሩት (ኤፌ. 4፥26)። ጌታ ትዳርሽን ይባርክ።