ያውቁ ኖሯል? የሌሊት እንግዶችና የጓሮ ዶሮ

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማዶ፣ በሱሉልታ የድርቆሽ ማሳ ዳር፣ ከሰበታ በላይ በወጨጫ ግርጌ ዶሮ፣ በግና ላም የሚያረባ ቤተሰብ ሁሉ የጅብ ጎረቤት ነው። አካባቢዎቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ ጅቡ ግን አልተነገረውም።

ጅብ መልኩ ያሳስታል እንጂ የውሻ ዘመድ አይደለም፤ በዘር ሐረጉ ለድመትና ለሸለምጥማጥ ይቀርባል። የመንጋው አዛዥ ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ወደ ማዕድም ቀድማ ትቀርባለች። ጩኸቱ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ስለሚችል፣ በር ላይ የቆመ የመሰለዎት ጅብ ሌላ ቀበሌ ሊሆን ይችላል።

በሁዳዴ ጅብም ምግብ ይቀይራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ ፀጉር እየለቀመ የማን እንደሆነ ለየ። ጅብ አጥንት ይፈጫል፤ ፀጉር ግን አይፈጭለትም። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በናሙናዎቹ 14.8 በመቶ ውስጥ ነበር፤ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። እርድ ሲቀርና ሉካንዳው ሲዘጋ አጥንትና አንጀት ከመንገድ ዳር ይጠፋል፤ ጅቡም ቆሞ ወደሚሄደው ሥጋ ይዞራል። ቡራዩም ሰበታም በጾም ሉካንዳ ይዘጋል። አሸዋና ውኃ ስታመላልስ የዋለችን አህያ በ55ቱ ቀን ደጅ እያሳደሩ ጅብ መርገም ተገቢ አይመስለኝም።

ጅብ ዕዳ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉ 210 ያህል ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት በድንና ተረፈ እርድ እንደሚያስወግዱ ገምቷል። ያ ሁሉ ሳይነሳ ቢቀር ኖሮ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣውን ጣጣ ያስቡት።

ዶሮ ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ በሾለከበት ቀዳዳ መላ አካሉ ይሾልካል፤ ከገባ ደግሞ የሚበላውን ብቻ ገድሎ አይወጣም። ቀዳዳው የሰፋ ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል እንጂ ሌባውን ከመግባት አያግደውም። ጠንካራ፣ ጣት የማያስገባ ወንፊት ሽቦ ይግዙ። ከግድግዳው እግር ሥር ደግሞ ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፈው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ላይ ያንጥፉትና አፈር ያልብሱት። የሚቆፍር እንስሳ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ጥፍሩ ሽቦ ሲያገኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ መቆፈር አይመጣለትም። ጣሪያውን አይርሱ፤ ሸለምጥማጥ ዛፍ ወጪ ነው።

ሌላው የዶሮ ሌባ ጥርኝ የዝባድ እናት ናት። ኢትዮጵያ ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ዋናዋ የዝባድ አቅራቢ ሆና ኖራለች፤ ዝባዱም በቀንድ ተሞልቶ ይላክ ነበር።

ዶሮ ባለቀ ቁጥር ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ይከሰሳሉ። መንደሩን ጠርጎ የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ፈንግል ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጥም አለ።

ጃርት እሾሁን አይወረውርም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ይሮጥብዎታል እንጂ። ፍልፈል በየጉድጓዱ ለብቻው ስለሚኖር ከአንድ ቀዳዳ ቤተሰብ አይጠብቁ። ባለብዙ ጡቷ የማሳ አይጥ እስከ 24 ጡት ሲኖራት ከ10 በላይ ግልገል በአንድ ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ይህችን አይጥ በየሌሊቱ የሚለቅመውን ጉጉት እኛ ሟርተኛ ብለን በድንጋይ እናባርራለን!

በረት ለመጠበቅ ሌላም ዘዴ አለ። ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገው ሪቻርድ ቱሬሬ አንበሳ የሚንቀሳቀስ መብራት እንደሚፈራ ያስተዋለው በልጅነቱ ነው። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ከሞተር ሳይክል ፍሬቻና ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ተራ በተራ ብልጭ የሚሉ አምፖሎች ሠርቶ በረቱን ከበበበት። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ13 ዓመቱ፣ ፈጠራውን በቴድ መድረክ ለዓለም ተናገረ። አንድ ቦታ ተተክሎ የሚያድር መብራትን ግን አውሬ ይለምደዋል።

በቦትስዋና ደግሞ መቀመጫቸው ላይ ዓይን ከተሳለባቸው 683 ከብቶች በአራት ዓመት አንድም በአንበሳ አልተበላም፤ ምንም ካልተሳለባቸው 835ቱ 15 ተበልተዋል። አንበሳ አድብቶ ያዥ ነው፤ ታየሁ ብሎ ካሰበ ይተወዋል። ጅብ ግን አሯሩጦ ስለሚይዝ ሱሉልታ ላይ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ያስቡበት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ታስሮ ለሚያድር ውሻ ይሆናል። በናሚቢያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የሚሰጡት የአናቶሊያ እረኛ ውሾች ከቡችላነታቸው ከፍየልና ከበግ ጋር ስለሚያድጉ መንጋውን እንደ ቤተሰባቸው ይጠብቃሉ።

መርዝ? አይሞክሩት። ለጅብ የተጣለ መርዝ የጎረቤትን ውሻና ጥንብ አንሳን ይገድላል። በየቄራው ዙሪያ የምናየው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል፤ አንዱ ምክንያትም መርዝ ነው። ሕጉም አለ፦ የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ያስቸገረዎትን አውሬ በአካባቢዎ ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

ጅብ፣ ቀበሮ ወይም ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።